ለጤናሽ እንደምን ነሽ አትበይኝ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለጭራዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ሾፌሩም ደህና ነው። «ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ ዝም ያልሽው? ባልሽ አስቀይሞሽ ነው?» ብለሽ ጽፈሻል። እሱስ ምን በወጣው! ሲያንኮራፋ ጣሪያውን ያነቃንቃል እንጂ ሌላ ጥፋት የለበትም። ዝምታዬ በሌላ ነው። ስጽፍልሽ ስቀድ፣ ስጽፍልሽ ስቀድ ከረምኩ። አሁንም አስቀድሜ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ብሩሽሽን አስቀምጪና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እኔ ከታካሚዎች ደም በምወስድበት ሆስፒታል አዲስ ክፍል ተከፍቷል፤ በዘር የሚተላለፉ በሽታዎችን የሚመረምር። የክፍሉ ሐኪም፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መነጽሬን ያያችሁ የምትል ሴት፣ እኛን የላቦራቶሪ ሠራተኞችን ሰብስባ ትምህርት ሰጠችን። መጋረጃውን ዘግታ ፊልም አሳየችን። አንዲት ሴት በኮሪደር ትሄዳለች፤ ሌላ ምንም የለውም፣ መሄድ ብቻ። ጭራዬ፣ እማዬ ናት። ፊቷ የማላውቀው ሰው ነው፤ አካሄዷ ግን የእማዬ ነው። ያ ድንገት እጥፍ የሚለው ጉልበቷ፣ ያ ማንም ሳይነካት ነጠቅ የሚያደርጋት ትከሻዋ፣ እነዚያ ብቻቸውን የሚያወሩት ጣቶቿ። ወንበሬን ገፍቼ ወጣሁ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ስታጠብ መስታወቱ ውስጥ የማየው የራሴን ትከሻ ብቻ ነበር።

እማዬ አልሰከረችም። ሰፈሩ ሁሉ «ጠጪዋ» ሲላት፣ ልጆች «ደናሷ መጣች» እያሉ ሲከተሏት፣ አባዬ ጠርሙስ ፍለጋ አልጋ ሥር ሲገባ፣ እሷ አንድም ቀን አልቀመሰችም። ሰካራም እየተባለ የሞተው አባቷም እንደዚሁ። በሽታ ነው። ሐኪሟ እንዳስረዳችን፣ ሰውነታችን የሚሠራበት መመሪያ ውስጥ፣ ዘረ መል የሚሉት ላይ፣ አንድ ቃል ከልክ በላይ ተደጋግሟል፤ የሚንተባተብ ሰው እንደሚደጋግመው። በልጅነት ምንም አይልም። ሰው ወደ አርባ ሲጠጋ ይጀምራል። ማስታገሻ እንጂ ማዳኛ የለውም። ከወላጅ አንዱ ካለበት፣ ልጅ የመውረሱ ዕድል እኩል በእኩል ነው፤ ወይ ደርሶሻል፣ ወይ አልፎሻል።

እኔና አንቺ ደግሞ ከአንድ እንቁላል የተከፈልን መንታ ነን። ለኔ ከደረሰ ላንቺም ደርሷል። እኔን ካለፈ አንቺንም አልፏል።

ሾፌሩ ልጅ ይፈልጋል። እኔም እፈልጋለሁ፤ ዕድሜዬም እየሄደ ነው። ሳላውቅ ግን እንዴት ብዬ? ምርመራው ያለው ከምሠራበት ክፍል ሁለት በር አልፎ ነው። ክንዴን መዘርጋት ብቻ ነው የቀረኝ። ያንቺን ቃል ሳልሰማ አልዘረጋም።

ትልቋ


ጥቅምት 23

ትልቄ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ ብዬ አልጀመርኩም፤ አይተሻል። ከእንግዲህ አንቺም እንደሱ አትበይኝ። «ደህና ነኝ»ም አትበይኝ። ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲጀምር የሚላትን ያቺን ቃል ከመሃላችን አውጪልኝ። ብትጽፊያት እውነቷን ይሆን እላለሁ፤ ብትተያት ለምን ተወቻት እላለሁ። ስልክም አትደውዪ፤ ድምፅሽን ከሰማሁ ነገሩ አለቀ። ስለ ሥራ እንጻፍ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሾፌሩ ማንኮራፋት። ጤናን እንተወው።

በኋላ በላክሽው ካርድ «አኮረፍሽ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አላኮረፍኩም። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ተነስቼ እማዬ መቃብር ሄድኩ። በሰፈሩ ሁሉ ስም ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ተመልሼ የጀመርኩትን የፀጉር ቤት ታፔላ ቀባሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ምርመራውን ግን እምቢ በይ። ደምሽ ያንቺ ብቻ ቢሆን ኖሮ የራስሽ ጉዳይ እልሽ ነበር። የኔም ነው። አንቺ ካወቅሽ እኔም አወቅኩ ማለት ነው። አልነግርሽም ብትዪ እንኳ ከነጠላ ሰረዝሽ አነበዋለሁ፤ አብረን ስንት ወር በአንድ ሆድ ከርመን ምን ትደብቂኛለሽ? የነገርሽኝ ገብቶኛል። አሥር ታፔላ ከአንድ ናሙና ስቀዳ ናሙናው ከተሳሳተ አሥሩም ይሳሳታል። ግን እስቲ አስቢው፤ እማዬ አውቃ ቢሆን ኖሮ አትወልደንም ነበር። እኔና አንቺ የለንም። እኔ ደግሞ መኖሬን እወደዋለሁ፤ ጠዋት የቀለም ቆርቆሮ ስከፍት አፍንጫዬን የሚሰነፍጠኝን ሽታ ሳይቀር እወደዋለሁ። ምርመራውን ተይውና ውለጂ።

የትኛው ክፍል ነው የምትተኚው ላልሽው፣ የእማዬ ክፍል ነው፤ ፀሐይ የሚገባው እዚያ ነው። አልጋዋ አጠገብ ተረከዟ እየደጋገመ የመታው የግድግዳ ስርጉድ ነበር አይደል? አናጺው ለስኖልኛል። አናጺው ደግሞ ማነው ትያለሽ፤ ጎኔ ያለውን መጋዘን የተከራየ፣ የታፔላ ጣውላ የሚቆርጥልኝ ሰው ነው። ልስን ሙያው አይደለም፤ እምቢ ማለት ስለማይችል ነው። አትሳቂ፣ ሌላ ነገር የለም።

ጭራ


ኅዳር 30

ጭራዬ፣

ሕግሽን ተቀበልኩ። ይኸው ያለ ሰላምታ ገባሁ፤ በር ሳላንኳኳ ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ለሾፌሩ ነገርሽው ወይ ብትዪኝ፣ ነገርኩት። በእረፍቱ ቀን ድንች እየላጠ ነበር። ልጣጩ ሳይበጠስ አንዱን ጨረሰና «ፍሬን ሳይፈትሽ ከጋራዥ የሚወጣ ሾፌር አይቼ አላውቅም፤ ተመርመሪ» አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ፍሬኑ ተበላሽቶ ቢገኝም ግን አውቶቡሱን አልጥለውም» አለና ድንቹን ድስት ውስጥ ጨመረው። ከተጋባን ወዲህ ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል ተናግሮ አያውቅም።

እንግዲህ በሁለታችሁ መሃል ገባሁ። አንድ ቀን ጠዋት፣ በሽተኛ ሳይበዛ፣ ባልደረባዬ ክንዴን በላስቲክ አስራ ደም ሥሬን አገኘች። መርፌውን ስታነሳ ያ ክንድ ያንቺ መሰለኝ። አንቺ ተኝተሽ እኔ ከክንድሽ የምሰርቅ መሰለኝ። «ተይው» አልኳትና ላስቲኩን ፈታሁት። ሳትፈቅጂልኝ አልመረመርም፤ ቃሌ ነው።

ግን ከዚያ ወዲህ እማዬ ሆስፒታሉን ለምዳዋለች። እንደ መንፈስ ጨለማ አትጠብቅም፤ በቀን በብርሃን ነው የምትመጣው። የሆነ ታካሚ ነጠላ ጫማውን ኮሪደሩ ላይ ሲጎትት፣ ጉትት፣ ረገጥ፣ ጉትት ሲል፣ የደም ጠርሙሶቹን እንደያዝኩ አንገቴን በበሩ አወጣለሁ። ሌላ ሰው ነው። ሁልጊዜም ሌላ ሰው ነው። ቤት ውስጥ ብርጭቆ ካመለጠኝ ደግሞ ስባሪውን ትቼ እጄን አያለሁ። ሾፌሩም ያያል። አይቶ እንዳላየ መጥረጊያ ያመጣል።

ጤናን አትጠይቂ ስላልሽ ስለ ሥራሽ ልጠይቅሽ። ያ የፋርማሲው ረጅም ታፔላ አለቀ? መሰላሉንስ ማን ይይዝልሻል? ለምን ስልክ ሞክሬ አጣሁሽ? አውቃለሁ፣ አትደውዪ ብለሻል። አንድ ቀን አቃተኝ።

ትልቋ


ጥር 12

ትልቄ፣

ፊደሌን አይተሽ ሳትስቂ አልቀረሽም። ከቆርቆሮ የተቆረጠ ነው። ቅርጹን ወረቀት ላይ አስቀምጬ ውስጡን በቀለም እሞላለሁ። አናጺው ነው የቆረጠልኝ። ከሀ እስከ ፐ ከነዘሩ መቁረጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቢው፤ ምስኪኑ «ሃያ ስድስት ፊደል ብቻ ያለው ሕዝብ እንዴት የታደለ ነው» አለኝ። ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ደንበኛ ወዶታል። እጄ እንዲለምደው ባንቺ ደብዳቤ እሞክረዋለሁ።

የፋርማሲው አልቋል። መሰላል አልወጣሁም፤ ታፔላውን መሬት ላይ አጋድሜ ነው የምሠራው። ለወገብ ይሻላል። ስልኩ ቀለም ውስጥ ገብቶ ሞተ።

ሾፌሩን ሳላየው ወደድኩት። እንዲህ ያለ ሰው ሳይወልድ አይቅር። ፍሬን ፍሬን ማለቱን ተዉትና ውለዱ። ቆርቆሮ ወሬ አያስረዝምም፤ ይቅርታ።

ጭራ


መጋቢት 8

ጭራዬ፣

እንግዲህ ስሚኝ። አርግዣለሁ።

አንዴ ጻፍኩት፤ ልድገመው፣ አርግዣለሁ። ሾፌሩ ከሰማ ወዲህ አውቶቡሱን እንቁላል የጫነ ይመስል ነው የሚነዳው። ተሳፋሪዎቹ «ዛሬስ ምን ነክቶታል፣ በእግራችን ብንሄድ ይሻለን ነበር» እያሉ ያጉረመርማሉ። እሱ ጥርሱን አይከድንም። ነገሩ ያንቺ ሥራ ነው፤ አንቺን ሰምቼ ነው። ባትገፊኝ ኖሮ እስካሁን ከሐኪሟ በር ላይ ቆሜ እቀር ነበር።

«ፈራሽ ወይ?» ብትዪኝ፣ አዎ ፈራሁ። ደስ ብሎኛል፣ ፈርቻለሁ፤ ሁለቱም በአንድ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ዘንድ ገብቼ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ፣ «አንድ ሰው ሳያውቅ ቢወልድስ?» አልኳት። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አየችኝ። «ሰው ሁሉ ሳያውቅ ነው የሚወልደው» አለችኝ። በቃሏ ተጽናንቼ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ግን እማዬ ከኋላዬ ትወርድ ነበር፤ ጉትት፣ ረገጥ። ዞር አላልኩም። ሆዴን ይዤ ወረድኩ።

ሾፌሩ አንድ ነገር ለምኖሻል። ፎቶሽን ትላኪለት። ከኔ ፎቶ ጎን ሰቅሎ ለልጁ «የትኛዋ ናት እናትህ?» እያለ ሊያጫውተው ነው፤ እሱ ራሱ ይለየን እንደሆነ እናያለን። እባክሽ ደግሞ ቆርቆሮውን ለደንበኛ አድርጊውና ለኔ በእጅሽ ጻፊልኝ። የእጅ ጽሑፍሽ ናፍቆኛል።

ትልቋ


መጋቢት 29

ትልቄ፣

እንኳን ደስ ያለሽ። እንኳን ደስ ያለን። ዘልዬ ጣሪያ ልነካ ነበር።

ፎቶው ይኸው። ፎቶ አንሺው ደጋግሞ ነው ያነሳኝ፤ ይህኛው ይሻላል ተባልኩ። ለሾፌሩ የማምረው እኔ ነኝ በይልኝ።

ቆርቆሮውን አልተውኩም። አትቀየሚኝ።

ጭራ


ሚያዝያ 20

ለጤናሽ እንደምን ነሽ?

ሕግሽን አፈረስኩ። ለጤናሽ እንደምን ነሽ ጭራዬ? ለጤናሽ እንደምን ነሽ?

ፎቶው ደረሰኝ። ሾፌሩ «ቁርጥ አንቺን!» ብሎ ሚስማርና መዶሻ ሲፈልግ እኔ ፎቶውን ይዤ መስኮቱ አጠገብ ቆምኩ። ሱቅሽ ጥርት ብሏል። ከኋላሽ ያለው ታፔላ ይነበባል፤ ቀለም ቆርቆሮዎቹ ላይ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ሳይቀር ይነበባል። ደፉ ላይ የተኛችው ድመት ጢሟ ይቆጠራል። ፊትሽም ጥርት ብሏል፤ ትንፋሽሽን እንደያዝሽ ያስታውቃል። እጆችሽን ሽርጥሽ ኪስ ውስጥ ከተሻቸዋል። ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ የደበዘዘው ሽርጥሽ ብቻ ነው።

ደም የምወስድ ሰው ነኝ፤ ስንት እጅ ይዣለሁ። የፈራ እጅ ምን እንደሚመስል፣ የበረደው እጅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ይሄ ሌላ ነው። ሾፌሩ ሚስማሩን ይዞ ሲመጣ «አትስቀለው» አልኩት። ምክንያቱን ሳይጠይቀኝ ሚስማሩን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ እንደገና አነበብኳቸው። ቆርቆሮው። መሰላሉ። ስልኩ። እንዴት ነው እስከዛሬ ያላየሁት? አንቺ በእንጨት መሬት ላይ ብትጽፊ እንኳ ሰው ቆሞ የሚያይልሽ ነበርሽ።

ሐኪም አይቶሻል? ማን ያበስልልሻል? ደረጃውን እንዴት ትወርጃለሽ? እነዚህን ሁሉ ባትመልሺ ግድ የለም። አንዱን ብቻ መልሽልኝ። «ውለጂ» ስትዪኝ ታውቂ ነበር?

ትልቋ


ግንቦት 11

ይድረስ ለተከበሩ ትልቋ እህት፣

እኔ አናጺው ነኝ። እህትዎ እየነገረችኝ የምጽፈው እኔ ነኝ። ጽሑፌ ባያምር ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጨምር ካላለችኝ አንድ ቃል ከራሴ አልጨምርም።

ትልቄ፣ አውቅ ነበር።

ያንን ሳላስቀድም ሌላ ላወራሽ አልችልም። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ብሩሼ ከመስመር መውጣት ከጀመረ ከርሞ ነበር። ስም አልነበረውም እንጂ። ድካም ነው፣ መነጽር ነው፣ የቀለሙ ሽታ ነው እል ነበር። ስሙን የላክሽልኝ አንቺ ነሽ። ያኔ የነገርኩሽን የፀጉር ቤት ታፔላ እያጠፋሁ ስንቴ እንደቀባሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ምርመራ ምን ያደርግልኛል? ግድግዳውን አናጺው ለሰነው አላልኩሽም? እንደገና ሰርጉዷል። የኔ ተረከዝ ነው።

ለምን አልነገርኩሽም? እኔ ካለብኝ አንቺም አለብሽ። ስለ ራሴ ብነግርሽ የምነግርሽ ስለ ራስሽ ነበር። አንቺን ገና አልጀመረሽም። ጥቂት ዓመት እንኳ እጅሽን ሳትመለከቺ ኑሪ ብዬ ነው፤ ቢቻል ልጅ ታቅፈሽ። ብትመረመሪ ኖሮ ማዘዣ እንደቀረበለት እስረኛ ቁጭ ብለሽ ነበር የምትጠብቂው። ሁሉን ላንቺ ብዬ ነው ብል ደግሞ ዋሾ እሆናለሁ። ለራሴም ነው። ከነሱ ቤት ከሰካራም በቀር ምን ወጣ ተብሎ በዚያው እንዲዘጋ አልፈለግኩም። እኔ ስሄድ የኛን ፊት ይዞ የሚስቅ አንድ ሰው እንዲቀር ፈለግኩ። ተሳስቼ ይሆናል።

እዚህ ላይ አለቀሰች። ጨምር አላለችኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አናጺው።

ምን ጨመርክ ብለው አልነግርም አለኝ። ማን ያበስልልሻል ላልሽው፣ ይኸው ሰውዬ ያበስልልኛል፤ ጨው የሚባል ነገር መኖሩን አልሰማም። ሐኪም አይቶኛል፤ የሚያረጋጋ ኪኒን ሰጥቶኛል። ሰፈሩ ደግሞ «ልጅቷም እንደ እናቷ ጀመራት፣ ጠርሙሱን የት ትደብቀው ይሆን» ማለት ጀምሯል። ይኸው ሰውዬ ያንዱን አፍ በመጋዝ እጀታ ሊዘጋ ሲነሳ እኔ ነኝ የያዝኩት፤ በዚህ እጄ!

አትምጪ። ሆድሽን ይዘሽ መጥተሽ አትዪኝ። እኔን ማየት ነገሽን ቆመሽ ማየት ነው የሚሆንብሽ። ልጁ ሲወለድም ፎቶውን ላኪልኝ እንጂ አታስይዙኝ። ባለፈው የጎረቤታችንን ሕፃን ልቀፍ ብዬ እናቲቱ ከእጄ ነጠቀችኝ። እውነቷን ነው። እኔም ብሆን እነጥቅ ነበር።

ጭራሽ


ግንቦት 25

ጭራዬ፣

ተናድጄብሻለሁ። ይህን ሳልጽፍ ሌላ ቃል አይወጣኝም። ሾፌሩ ከተጋባን ወዲህ ያልሰማውን ስድብ ሰማ፤ «ይህ ሁሉ ለእህትሽ ከሆነ ለምን እኔን ታዪኛለሽ?» አለኝ። ነግረሽኝ ቢሆን እወልድ ነበር ወይስ አልወልድም? አላውቅም። የወሰድሽብኝ እሱን ነው። ሰው ስለ ራሱ ልጅ ሊጨነቅ፣ ሊወስን፣ ሊሳሳት መብት ነበረው፤ አንቺ ቀድመሽ ጨርሰሽልኝ ጠበቅሽኝ። በመልክ አንድ ብንሆን በሐሳብ አንድ ነን ብሎ ማን ነገረሽ? ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ እንደገና እቆጣሻለሁ፤ ተዘጋጅተሽ ጠብቂ።

ግን ተቆጥቼ አልቆየሁም። ልጁ መንቀሳቀስ ጀምሯል። መጀመሪያ ሲነካኝ ሰው ክንድ ላይ ላስቲክ እያሰርኩ ነበር፤ ክው አልኩ። እኔን የጀመረኝ መሰለኝና እጄን አየሁ። እጄ ዝም ብሏል። የሚንቀሳቀሰው እሱ ነበር። ታካሚው ፊት ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀብኝ፤ ምስኪኑ ሰውዬ የሱ ደም ምን ቢሆን ነው ብሎ ደንግጦ ነበር።

ለሱም እኩል በእኩል ነው። ሐኪሟን ጠየቅኳት፤ በዚህ ጊዜ የሌላ ሰው ጉዳይ አላስመሰልኩም። ሲያድግ ራሱ ይጠይቅ፣ ራሱ ይወስን አለችኝ። እንግዲህ ከሱ ማንም ምንም አይደብቅም፤ አንቺም፣ እኔም። ስለ አያቱም እውነቱን ሰምቶ ያድጋል።

ነገሽን ቆመሽ ማየት ነው የሚሆንብሽ ብለሻል። አዎ፣ እፈራለሁ። እንደ ዛሬ ፈርቼ አላውቅም። ግን የኔን ነገ አንቺ ብቻሽን ስትኖሪው እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የሰው ደም ስወስድ አልውልም። እማዬ «ይቺ ሴት ጠጪ አይደለችም» የሚልላት አንድ ሰው ሳታገኝ ነው የሞተችው። እኔ ቤት ለቤት ዞሬ የበሽታውን ስም እነግራቸዋለሁ። ሳይገባቸው ቢቀር እደግመዋለሁ፤ ደም ሥር አልገኝ ሲል እንደምናደርገው። ሾፌሩ ወደዚያ መስመር እንዲያዛውሩት ጠይቋል። ካላዛወሩትም የሚነዳ ነገር አይጠፋም ይላል። ሳልወልድ እንድንደርስ ዕቃችንን መቋጠር ጀምረናል፤ አትምጪ ያልሽውን ሾፌሩ ሳያነብ የቀረ አስመስሏል።

አናጺውን አመስግኚልኝ። ከራሱ ለጨመራት ለዚያች አንድ መስመር በተለይ። አንቱ ማለቱን ይተው።

አታስይዙኝ ላልሽው፣ ትይዢዋለሽ። ፍራሹን ከአልጋው አውርደን መሬት ላይ እናነጥፈዋለን። ጀርባሽን ግድግዳው ላይ ታስደግፊያለሽ፣ እኔ ጎንሽ እቀመጣለሁ፣ ልጁን ጭንሽ ላይ አደርገዋለሁ። መሬት የተቀመጠ ሰው ወዴት ይወድቃል? እጅሽ ዝም አልልም ካለም አይበል። ልጅ ምን ያውቃል፤ እሽሩሩ የምትዪው መስሎት ይተኛል።

ትልቋ